አራት ፕሮጀክት፣ አንድ መኪና፣ ሁለት ቴክኒሻን፤ የቱን ልተው?

የወረዳ ውሃ ባለሙያ (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ደጋማ ወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤት የፕሮጀክቶች አስተባባሪ ነኝ። ወረዳውን አልጠቅስም፤ ብዙዎቻችሁ ግን የራሳችሁ ወረዳ መስሏችሁ እንደምታነቡት እገምታለሁ።

የ2017 በጀት ዓመት ዕቅዳችን አራት ፕሮጀክት ይላል። አንደኛው ደጋው ቀበሌ ያለ ምንጭ ነው፤ ይጎለብታል (ዓይኑ ተቆፍሮ በግንብ ይያዛል)፣ 25 ሜትር ኩብ የሚይዝ ማጠራቀሚያ ይገነባለታል፣ ከዚያ በ4.2 ኪሎ ሜትር የቧንቧ መስመር ለስድስት ቦኖ ይከፋፈላል። ሁለተኛው ከገበያው ቀበሌ በላይ ያለ ምንጭ ሲሆን ሁለት ኪሎ ሜትር መስመርና ሦስት ቦኖ አለው። ሦስተኛው ወንዝ ማዶ ነው። እዚያ መኪና አይደርስም፤ ሲሚንቶው የሚገባው በአህያ ነው፤ አንድ አህያ አንድ ከረጢት። አራተኛው 14 የተበላሹ የእጅ ፓምፖችን መጠገን ነው።

አሁን ደግሞ በእጄ ያለውን ልንገራችሁ። መዋቅሩ 11 የሥራ መደብ አለው፤ ሰው ያለበት አምስቱ ነው። ኃላፊያችን ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ነው፤ አንዱ ንብረት ክፍል ነው፤ ስለዚህ ለመስክ የምንቀረው እኔና ሁለት ቴክኒሻኖች ነን። ፒክአፑን ከግብርናና ከጤና ጋር እንጋራዋለን። ማክሰኞና ሐሙስ የውሃ ነው ተብሎ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ማክሰኞ ሲደርስ አስተዳዳሪው ለስብሰባ ዞን ይጠራሉ፤ ሐሙስ ሲደርስ ክትባት መጥቷል ይባላል። ክትባትን ማን እምቢ ይላል? ሞተር ሳይክል አለን፣ እኔም እነዳለሁ፤ ነገር ግን የወሩ የነዳጅ ኮታ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል።

ብሩ 5.2 ሚሊዮን ነው። ሲጸድቅ ትንሽ አልነበረም። ጥናቱ የተሠራው ግን ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ነው። ያኔ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ዛሬ ከ100 ብር በላይ ነው። ቱቦው አገር ውስጥ ቢመረትም ጥሬ ዕቃው ከውጭ ስለሚመጣ ዋጋው አብሮ ወጣ። ለደጋው መስመር 950 ሺህ ብር ይዘን ነበር፤ የመጣው ዝቅተኛው ዋጋ 1.7 ሚሊዮን ነው። ለገበያው 430 ሺህ ይዘን 780 ሺህ ተባልን።

ኃላፊዬን ሳማክረው የሚለኝ አንድ ነው፤ «ሁሉንም እንጀምር፤ ከተጀመረ አይቀርም።» ይቀራል እንጂ! ባለፈው ዓመት የተጀመረ ማጠራቀሚያ ክዳን ሳይደረግለት ሰኔ 30 ደረሰ። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲጠራቀምበት ከርሞ አሁን እንቁራሪት ይኖርበታል። በሪፖርታችን ላይ ግን «አፈጻጸም 80 በመቶ» ተብሎ ተቀምጧል።

አራቱም ፕሮጀክቶች በሕዝብ ስብሰባ ተነግረዋል። ወንዝ ማዶ ያሉት ድንጋይ ፈልጠው ከምረው ይጠብቃሉ። እኔ የማውቀው አራቱም በዚህ ዓመት እንደማያልቁ ነው። ልምድ ያላችሁ ንገሩኝ፤ የቱን ልተው? ከዚያ በላይ ደግሞ፣ በዕቅድ የጸደቀና በአደባባይ የተነገረ ሥራ እንዴት ነው የሚተወው?

ከጤና ጣቢያ፦

እህቴ፣ ስለ ሐሙሱ መኪና ይቅርታ እንጠይቃለን። በእኛ ወረዳም መኪናውን የምንወስድባቸው የውሃ ሰዎች አሉ፤ በመንገድ ሲያገኙን ሰላምታቸው ቀዝቀዝ ያለ ነው።

ስለ ምሕንድስናው የምለው የለኝም። አንድ ነገር ብቻ፦ ከአራቱ ውስጥ ጤና ጣቢያ ወይም ትምህርት ቤት ያለበት ካለ እሱን አስቀድሚ። እኛ ጋ እናት ስትወልድ ውሃ የሚመጣው በጀሪካን ነው፤ ቤተሰብ ተሸክሞ ካላመጣ አዋላጇ እጇን የምትታጠበው ከሚንጠባጠበው ነው።

የፑል ግዥ ሠራተኛ፦

ሰላም። እኔ በሌላ ወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት፣ የጽሕፈት ቤቶችን ግዥ በጋራ በሚያስፈጽመው ፑል ነው የምሠራው። ከውሃ ጽሕፈት ቤት ጋር በየዓመቱ ሰኔ ላይ የምንጣላ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ በኅዳር ይህን ጥያቄ መጠየቅሽ ራሱ ያስደስታል።

የዋጋ ልዩነቱን ለመሸፈን የበጀት ዝውውር ያስፈልግሻል። ከአንድ ካፒታል ፕሮጀክት ወደ ሌላ ካፒታል ፕሮጀክት ማዛወር ይቻላል፤ ጥያቄው ግን ምክንያቱ ተዘርዝሮ፣ አዲሱ የዋጋ ማቅረቢያ ተያይዞ መምጣት አለበት። ከካፒታል ወደ መደበኛ በጀት ማዛወር ግን አይታሰብ። ብዙ ባለሙያ ነዳጅ ሲያልቅበት «ከፕሮጀክቱ ላይ ቀንሱልኝ» ብሎ ይመጣና ከእኛ ጋር ይኳረፋል። የክትትል ነዳጅና ውሎ አበል በፕሮጀክቱ የወጪ ዝርዝር ውስጥ ከመጀመሪያው መግባት ነበረበት። ለሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ይህን አትርሺ።

ግዥ ከፋፍለሽ በፕሮፎርማ ለመጨረስ አትሞክሪ፤ ኦዲት ሲመጣ ለአንድ ዓይነት ቱቦ ሦስት ተከታታይ ግዥ ማስረዳት አይቻልም። ጨረታ ይውጣ። ጊዜ ይፈጃል፤ ለዚህም ነው ዛሬ መጀመር ያለበት።

የእኔ ሐሳብ የሁለቱንም መስመር ቱቦ አሁኑኑ መግዛት ነው። ዋጋ ሲወጣ እንጂ ሲወርድ አላየንም። ቱቦው መጋዘን ከገባ ሥራው ቢዘገይም ዕቃው አለ፤ ብሩ ግን ሰኔ 30 ካለፈ ወደ ግምጃ ቤት ተመላሽ ነው።

ጡረተኛው የውሃ መሐንዲስ፦

ቱቦ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ንገሪኝ ልጄ። የደጋውን ምንጭ የለካችሁት መቼ ነው? የገበያውንስ?

የወረዳ ውሃ ባለሙያ፦

የገበያው ሚያዝያ ላይ ተለክቷል፤ እኔ ራሴ ነበርኩ። የደጋው ጥናት ግን በጥድፊያ ስለተጠየቀ የተለካው መስከረም ላይ ነው። 20 ሊትር ጀሪካን በ25 ሰከንድ ይሞላል።

ጡረተኛው የውሃ መሐንዲስ፦

ገምቼ ነበር።

20 ሊትር በ25 ሰከንድ ማለት በሰከንድ 0.8 ሊትር ነው፤ በቀን 69 ሺህ ሊትር ይሆናል። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር በተቀመጠው መለኪያ፣ ማለትም ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ፣ ለ2,700 ሰው ይበቃል። ወረቀት ላይ ያማረ ፕሮጀክት ነው። መስከረም ግን ምድር ጠግባ የምትተፋበት ወር ነው፤ በመስከረም ድንጋዩም ያፈልቃል። ያው ጀሪካን መጋቢት ላይ በ40 ሰከንድ ቢሞላ ምንጩ በሰከንድ ግማሽ ሊትር ሆነ ማለት ነው፤ የሚበቃው ለ1,700 ሰው ነው። ስድስት ቦኖ ተክላችሁ ሁለቱ የሚያፏጩ ቧንቧዎች ይሆናሉ። ከዚያ የታችኛው መንደር የላይኛውን መስመር ይቆርጣል። ይህን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ሽምግልና የተቀመጥኩበትም አለ።

ስለዚህ የደጋው መስመር በዚህ ዓመት አይገዛም። ገንዘብ ስላነሰ ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡ ሞልቶ ቢሆንም መግዛት አልነበረባችሁም። በዚህ ዓመት ምንጩን አጎልብቱት፦ ዓይኑ ድረስ ቆፍራችሁ መያዣ ሳጥኑን ሥሩ፣ ጠጠሩን አልብሱ፣ ከላይ በሸክላ አፈር ድፈኑ፣ የጎርፍ መቀልበሻ ቦዩን አውጡ፣ እጠሩት። እዚያው ቦታ ላይ ሁለት ሦስት ቧንቧ ይኑረውና ሕዝቡ ይቅዳ። ለወደፊቱ መስመር የሚሆን መውጫ ቱቦ ግን አሁኑኑ በግንቡ ውስጥ ይቀበር፤ ጫፉ በክዳን ይታሰር። ይህችን መውጫ መርሳት ማለት በሚቀጥለው ዓመት ግንቡን በመዶሻ መስበር ማለት ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ቴክኒሻንሽ በሞተር ሄዶ በጀሪካን ይለካ። የመስመሩን ስፋትና የቦኖውን ቁጥር የሚነግራችሁ ያ ቁጥር ነው።

የገበያው ቀበሌ ይጠናቀቅ። ሙሉ በሙሉ፣ እስከ መጨረሻው ቦኖ፣ እስከ ቫልቩ ሳጥን ክዳን። ልኬቱ አለ፣ መንገዱ አለ፣ መስመሩ አጭር ነው። ጤና ጣቢያም እዚያ እንደሚሆን እገምታለሁ፤ ከላይ የጻፉት ሰው ያሉት ትክክል ነው።

የእጅ ፓምፖቹን በአራተኛ ደረጃ ማስቀመጥሽ ግን አልገባኝም። በትንሽ ብር ብዙ ሰው ውሃ የሚያገኘው በእነሱ ነው። ጥገና ሪባን ስለማይቆረጥበት ማንም አይወደውም፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ወንዝ ማዶው ለሚቀጥለው ዓመት ይለፍ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልምጣ፤ ከባዱ እሱ ነው። በእኛ አገር አሠራር ሥራ የሚተወው በዝምታ ነው። ማንም «ይህን አንሠራም» አይልም፤ አራቱም ይጀመራሉ፣ ሰኔ ላይ አራቱም ሰባ በመቶ ይሆናሉ፣ ሪፖርቱም ያምራል። ሰባ በመቶ የደረሱ አራት ፕሮጀክቶች ግን ተደምረው አንድ ጀሪካን ውሃ አይቀዱም። ስለዚህ መተዉ በወረቀት ይሁን፣ አሁን በኅዳር ይሁን፣ ፊርማ ይኑረው። አንድ ገጽ ጻፊ። በግራ በኩል አራቱ ፕሮጀክቶች፣ ቀጥሎ ጥናቱ የያዘው ብር፣ ቀጥሎ የዛሬው ዋጋ፣ መጨረሻ ላይ በሰኔ ውሃ የሚቀዳው ሰው ብዛት። አፈጻጸም በመቶኛ የሚባል ዓምድ አታስገቢ። ሁለት አማራጭ አቅርቢ፤ አንዱ «አራቱም ይጀመሩ» የሚለው ይሁን፣ መጨረሻው ላይ ዜሮ ሰው ይጻፍበት። አስተዳዳሪው ሞኝ አይደሉም። ምርጫውን በቁጥር ያየ ሰው ዜሮ ላይ ለመፈረም እጁ ይከብደዋል።

የቀን አቆጣጠሩንም አስቢ። በጀቱ ሐምሌ ላይ ይጸድቃል፤ ያኔ ዝናብ ነው። መስከረም ድልድል ነው፣ ጥቅምትና ኅዳር ግዥ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ አዝመራ ስለሚሰበሰብ ለቁፋሮ የሚመጣ ገበሬ የለም፤ መጥራትም ነውር ነው። መጋቢት በእናንተ በኩል በልግ ይገባል፣ መንገዱ ይጨቀያል። ዓመት ተብሎ የተሰጠሽ ነገር ሲጣራ ጥርና የካቲት ነው፤ እግዚአብሔር ከረዳሽ ከመጋቢት ጥቂት ቀን ይጨመርልሻል። በሁለት ወር ተኩል አራት ግንባታ በሁለት ቴክኒሻን አይመራም።

በነገራችን ላይ፣ ቁፋሮውን ለውሃ ኮሚቴው ስትሰጪ «ሕዝቡ ይውጣ» ብለሽ እንዳትተዪው። ሁለት ኪሎ ሜትር ለ250 አባወራ ሲካፈል ለአንዱ ስምንት ሜትር ነው። በገመድ ለኪ፣ ችካል ትከሊ፣ በየችካሉ ስም ይጻፍ። የጎረቤቱ ስምንት ሜትር ተቆፍሮ የእሱ ሣር ሆኖ ሲታይ ገበሬው ያለ ቀስቃሽ ይመጣል።

የፑል ግዥ ሠራተኛ፦

አባቴ፣ ከልኬቱ ጋር አልከራከርም። የደጋው ቱቦ ካልተገዛ ግን 950 ሺህ ብር ሥራ ፈት ሆነ። ተመላሽ ቢሆን በሚቀጥለው ዓመት ምክር ቤቱ «ያኔ የሰጠናችሁን አልተጠቀማችሁበትም» ብሎ ይቀንስባታል። እኔ ይህን በየዓመቱ አየዋለሁ። ቱቦው ትርፍ ቢሆን እንኳ ለሌላ መስመር ይሆናል።

ጡረተኛው የውሃ መሐንዲስ፦

ለሌላ መስመር የሚሆነው ስፋቱ ከገጠመ ነው። 63 ሚሊ ሜትር ተገዝቶ 50 ይበቃ ነበር ከተባለ ብሩን መጋዘን ውስጥ ጠቅልለን አስቀመጥነው ማለት ነው። የወረዳ መጋዘን ደግሞ እናውቀዋለን፤ ዓመት ያደረ ጥቅል ቱቦ ጫፉ ለመስኖ እየተባለ ይቆረጣል፤ የቀረው ደግሞ የአይጥ ጎጆ ይሆናል።

ብሩ ሥራ አይፈታም። ከ950 ሺህ 350 ሺህው የገበያውን መስመር የዋጋ ልዩነት ይሸፍናል። የቀረው 600 ሺህ የፓምፖቹን መለዋወጫና የዚያን የእንቁራሪት ቤት ክዳን ይችላል። የተጀመረን መጨረስ አዲስ ከመጀመር ይቅደም።

የፑል ግዥ ሠራተኛ፦

ይህ ያስኬዳል። እንግዲያው እህቴ፣ የዝውውር ጥያቄሽ ለግማሽ ዓመቱ የምክር ቤት ጉባኤ እንዲደርስ አድርጊ። የገበያው ቱቦ ጨረታ ግን ያንን አይጠብቅ፤ በያዝሽው 430 ሺህ ላይ ልዩነቱ እንደሚሸፈን ኃላፊሽ በደብዳቤ ያረጋግጥና ሂደቱ ይጀመር። ውል የሚፈረመው ዝውውሩ ሲጸድቅ ነው።

የወረዳ ውሃ ባለሙያ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የእርስዎን ሰንጠረዥ ትናንት ማታ ሠርቼዋለሁ፤ የመጨረሻው ዓምድ ላይ ዜሮ ስጽፍ እኔም ደነገጥኩ። ገበያው ቀበሌ ጤና ጣቢያ አለ፤ ልክ ነዎት።

የማልስማማበት አንድ ነገር አለ። ወንዝ ማዶውን «ይለፍ» ማለት ለእርስዎ አንድ መስመር ነው። እኔ ነኝ ሄጄ የምነግራቸው። ድንጋዩን ሴቶቹ ጭምር ናቸው የተሸከሙት፤ ዳገቱ ላይ ቁመቱ እስከ ወገቤ በሚደርስ ክምር አስቀምጠውታል፤ ልጆች እንዳያፈርሱት እሾህ አጥረውበታል። ከአራቱ ቀበሌዎች የድርሻቸውን ቀድመው ያዋጡት እነሱ ብቻ ናቸው። መንገድ ያላቸውንና ምንም ያላዋጡትን ቀድመን ስንሠራ ምን ብለን ነው የምናስተምረው? በሚቀጥለው ዓመት ስብሰባ ብጠራ ማን ይመጣል?

ጡረተኛው የውሃ መሐንዲስ፦

ይህን በጥያቄሽ ላይ በደንብ አልጻፍሽውም ነበር። ያዋጣ ሕዝብ ክብደት አለው፤ በሰንጠረዡ ላይ አንድ ዓምድ ይጨመር፤ «የሕዝብ ተሳትፎ» በይው።

በዚህ ዓመት ግን አሁንም አይደለም እላለሁ፤ ምክንያቴ ብሩ ሳይሆን ሰው ነው። እዚያ የሚሄድ ቴክኒሻን በቀን አይመለስም። አንዱን ቴክኒሻን ወንዝ ማዶ ካሰርሽው የገበያው መስመር በአንድ ሰው ይቀራል፤ ሁለቱም ይዘገያሉ።

ሌላ መንገድ ካለ በማኅበረሰቡ የሚመራ አሠራር ነው። ከ2003 ጀምሮ በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ የተተገበረው ኮዋሽ የተባለ የገጠር ውሃና ንጽሕና ፕሮግራም አሠራር እንዲህ ነው፤ ብሩ በብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል ለውሃ ኮሚቴው ይተላለፋል። ሲሚንቶ የሚገዛው፣ ግንበኛ የሚቀጥረው ኮሚቴው ነው፤ የወረዳው ባለሙያ ንድፉን ይሰጣል፣ ቁልፍ በሆኑት ደረጃዎች ላይ ሄዶ ያያል። ድንጋይ ፈልጦ እሾህ ያጠረ ኮሚቴ ይህን የማይችልበት ምክንያት የለም። የእናንተ ክልል የፋይናንስ አሠራር በመደበኛ በጀት ይህን ይፈቅድ እንደሆነ ጠይቂ፤ ከፈቀደ ወንዝ ማዶውን ለሚቀጥለው ዓመት በመጀመሪያ መስመር አስቀምጪውና በዚህ ዓመት ኮሚቴውን አሠልጥኚ። ለመንገር ስትሄጂ ግን ብቻሽን አትሂጂ። በስብሰባ ቃል የገቡት አስተዳዳሪው ናቸው፤ ቢያንስ የቀበሌውን ሊቀ መንበርና የአስተዳዳሪውን ደብዳቤ ይዘሽ ሂጂ።

ፓምፕ ጠጋኟ፦

ዘግይቼ ነው ያየሁት። የውሃ ቴክኒሻን ነኝ፤ የምሠራው ቆላ ወረዳ ነው። ስለ 14ቱ ፓምፖች ልናገር፤ ሌላው ከእኔ አቅም በላይ ነው።

መጀመሪያ «14 የተበላሹ» የሚለውን ዝርዝር አትመኚው። የእናንተ ፓምፕ አፍሪዴቭ የሚባለው የእጅ ፓምፕ ዓይነት ከሆነ ግማሹ ያለ መኪና የሚጠገን ሊሆን ይችላል። የቀበሌውን የውሃ ኮሚቴ በስልክ ሦስት ጥያቄ ጠይቂያቸው። እጀታው ይወዛወዛል ወይ? ከሆነ ያለቀው እጀታው የሚዞርበት ፕላስቲክ ነው። ጠዋት መጀመሪያ ሲነቀነቅ ውሃው እስኪመጣ ብዙ ያስለፋል፣ ከመጣ በኋላ ግን ይሞላል ወይ? የታችኛው ቫልቭ ነው የሚያፈሰው፤ ውሃው ሌሊቱን ተመልሶ ይወርዳል። ቢነቀነቅም ቢነቀነቅም ውሃው ቀጭን ነው ወይ? የፒስተኑ ላስቲክ ማሸጊያ አልቋል። በዚህ መልስ ብቻ ምን ዕቃ ይዘሽ እንደምትወጪ ታውቂያለሽ። እኛ ድሮ መጀመሪያ ለማየት፣ ቀጥሎ ለመጠገን እንሄድ ነበር፤ ነዳጁን የሚበላው ያ ነበር።

የአፍሪዴቭ ጥሩነቱ ቆሞ ያለውን ቱቦ ሳታወጪ ፒስተኑን በላይ በኩል መሳብ መቻሉ ነው። ሽፋኑን በአንድ ቁልፍ ትፈቺዋለሽ፣ ዘንጎቹ አንዱ ካንዱ በመንጠቆ ነው የሚያያዙት፤ እየሳብሽ እየፈታሽ ታወጫቸዋለሽ። ፒስተኑ ሲወጣ ላስቲኩን በጣትሽ ዳብሺው፤ ከንፈሩ ስለታም ሆኖ ካልተሰማሽና ክብ ሆኖ ከለሰለሰ አልቋል። ዘንጎቹን መሬት ላይ አታስተኚያቸው፤ አሸዋው አብሯቸው ይገባና አዲሱን ላስቲክ በጥቂት ጊዜ ይጨርሰዋል። እኛ ጋ ሴቶቹ ነጠላቸውን ሊያነጥፉ ይፈልጋሉ፤ ማዳበሪያ ከረጢት ይበቃል።

ኮሚቴ ውስጥ ሁለት ሰው፣ ቢቻል ሁለቱም ሴቶች፣ ይህን እንዲማሩ አድርጊ። ሴቶች ያልኩት ወንዶቹ ስለማይችሉ አይደለም። ሥራ ፍለጋ ከተማ የሚሄዱት እነሱ ናቸው፤ ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ ሆኖ ይሄዳል።

የወረዳ ውሃ ባለሙያ፦

የደረስንበትን ልንገራችሁ። አስተዳዳሪው ሰንጠረዡን ሁለት ጊዜ አነበቡት። የገበያው ቀበሌ ሙሉ በሙሉ እንዲጠናቀቅ፣ ደጋው ላይ ምንጩ ብቻ እንዲጎለብት ፈርመዋል። የባለፈው ዓመት ማጠራቀሚያም ክዳን እንዲደረግለት ተስማምተዋል፤ እንቁራሪቱን ስነግራቸው ሳቁ፣ ቀጥለው ግን ማን እንደነበረ ፎርማኑ ጠየቁኝ። የዝውውር ጥያቄው ለምክር ቤት እየተዘጋጀ ነው።

ወንዝ ማዶው ላይ አልፈረሙም። «ቃል ገብቻለሁ፣ በወረቀት አላፈርስም» አሉ። ታዲያ መኪናውን ማክሰኞ ይልቀቁልንና እርስዎም አብረው ይምጡ አልኳቸው፤ መልስ አልሰጡኝም። በማኅበረሰብ ስለሚመራው አሠራር ለዞን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ፓምፖቹን በስልክ ጠየቅን። ከ14ቱ አራቱ እጀታ ነው፣ ስድስቱ ውሃው ቀጭን ነው ብለዋል፣ ሦስቱ ቁፋሮው ራሱ ደርቋል። አንዱን የሚያነሳ ስልክ የለም። አሁን የምጠይቀው ፓምፕ ጠጋኟን ነው፤ ለስድስቱ የሚሆን ላስቲክ ንብረት ክፍል ውስጥ አንድ ካርቶን አገኘን፤ ዓመታት የቆየ ይመስላል። ይሠራል ወይስ አዲስ ልግዛ?

ፓምፕ ጠጋኟ፦

አንዱን አውጥተሽ በጣቶችሽ እጠፊው። ስንጥቅ ካሳየ ወይም ተጣጥፎ ቶሎ ካልተመለሰ ካርቶኑን በሙሉ ተዪው። ከተመለሰ ደግሞ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን አስተያይው፤ አንዳንዴ በአፍሪዴቭ ስም የተቀመጠው የሌላ ፓምፕ ሆኖ ይገኛል። ደርቀዋል ያሏችሁን ሦስቱንም በገመድና በድንጋይ ሳትለኩ ከዝርዝር አታውጧቸው፤ እኛ ጋ ደርቋል የተባለ ጉድጓድ የወደቀ ዘንግ ሆኖ አግኝተነዋል።